አቋራጭ ጂፒኤስ ሊገዛ

ሻጯ ሰውየውን ገና ከበሩ ስታየው ባልደረባዋን በዓይኗ ጠቀሰቻት። "መጣልሽ" ማለቷ ነው። ሱቁ ድንኳን፣ የተራራ ጫማ፣ የግንባር መብራትና በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ይሸጣል፤ ሰውየው ደግሞ ሰሞኑን ሱቁን እንደ መሥሪያ ቤት ይዞታል። ይመጣል፣ መስታወቱን ያስከፍታል፣ አንዱን ጂፒኤስ በቀኙ ሌላውን በግራው ይዞ እንደ ሽንኩርት ይመዝናቸዋል። ከዚያ ጥያቄ ነው። ይኼ ዝናብ ይችላል? ቢወድቅስ? ባትሪ ድንጋዩ ይቀየራል ወይስ እንደ ስልክ ይሰካል? ይኼ በጣት የሚነካው ስክሪን ጓንት ላደረገ ሰው ይታዘዛል? ሻጯ አፏ እስኪደርቅ ታስረዳዋለች። በመጨረሻ "እስቲ ትንሽ ላስብበት" ይልና እጁን ኪሱ ከቶ ይወጣል። ሱቁ ውስጥ ቋጣሪ ነው ተብሎ ተፈርዶበታል።

ቋጣሪስ አልነበረም። ፈርቶ ነው። የፈራው ደግሞ አዲሱ ጂፒኤስ ይሳሳታል ብሎ ሳይሆን አይሳሳትም ብሎ ነው።

ይህ ነገር ከሥሩ ካልተነሳ አይገባም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አምቡላንስ ሲነዳ የኖረ ነው። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ለቀረው ሰው "አቋራጭ" ነው። ስልክ መንገድ መናገር ሳይጀምር፣ ሰው በድንጋጤ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ቶሎ ድረሱልን" ብሎ ደውሎ ስልኩን ሲዘጋ፣ አቋራጭ ያንን ሰማያዊ በር አያጣውም። ከኋላ ያሉት ነርሶች ስለ በሽተኛው ይጨነቃሉ እንጂ ስለ መንገዱ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ አንድ ትልቅ የከተማ ካርታ በመስታወት አስገብተው ሸለሙት። ሚስቱ "ለቀባሪው አረዱት" ብላ ሳቀችና ሳሎን ሰቀለችው።

ጡረታ ክፉ ነገር ነው፤ የማያውቁት ያወሩለታል። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የሌለው ሰው መስኮትና ወንበር መካከል ሲመላለስ ይውላል። ሚስቱም በሕፃናት ማቆያ ምግብ አብሳይ ሆና ሠርታ እሷም በዚያው ዓመት አቁማ ነበር። ሁለት ሥራ ፈት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሲውል ምን እንደሚፈጠር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጨው በዛ፣ ክዳኑን የት ወሰድከው፣ ለምን ቆመህ ታየኛለህ። ሴት ልጃቸው ጭቅጭቁን አይታ ነው አንድ ቀን ይህንን ጨዋታ ያሳየቻቸው።

ጨዋታው የሳጥን ፍለጋ ነው። አንዱ ሰው ትንሽ ሳጥን ድልድይ ሥር ወይም የዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ይደብቅና ሳጥኑ ያለበትን ቦታ የሚናገሩትን ቁጥሮች ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሮቹን ይዞ ይሄዳል፣ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርምና መልሶ እዚያው ይደብቀዋል።

"አግኝቶ ሊመልሰው?" አለች ሚስት። "እና ትርፉ ምንድን ነው?"

"እግር ማፍታታት ነው፣ እማዬ።"

"እግሬ መቼ ታሰረ?"

እንዲህ ያለችው ሴትዮ ከመጀመሪያው ሳጥን በኋላ የሚይዛት ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን በሷ ስልክ ነው ያገኙት፤ ቁጥሩን ስልኩ ራሱ ከኢንተርኔት ይወስድና "በዚህ ሂዱ" ይላል። አቋራጭ መኪናውን ይነዳል፣ ከዚያ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ እሷ ድንጋይ ታገላብጣለች፣ እልል ልትል ምንም አይቀራት። ወጥ ቤት ውስጥ ስለ ክዳን የሚጨቃጨቅ ጠፋ። ኋላ አንድ ጅረት ሲሻገሩ ስልኩ ከእጇ አመለጠና ውሃ በላው። በምትኩ የገዛችው ደዋይና ተደዋይ ከማገናኘት በቀር ሌላ የማያውቅ የድሮ ስልክ ነው፤ "ውሃም ቢገባ አይቆጨኝም" ብላ።

መሬት ቀያሽ የሆነው አማቻቸው ይህንን ሲሰማ በሥራ ቦታው ተጠቅሞ የተወውን አሮጌ ጂፒኤስ አመጣላቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጡብ የሚያክል። አቋራጭ ከልጁ ኮምፒውተር ቁጥሮቹን በወረቀት ይገለብጥና በዚያ መሣሪያ ላይ አንድ በአንድ ይጫናቸዋል። ያኔ ነው ጉዱ የጀመረው።

መጀመሪያ የዶሮ እርባታ ግቢ አጥር ላይ አደረሳቸው። ጠባቂው የዶሮ ሌቦች መስለውት ውሻ ፈታባቸው። ቀጥሎ የመኪና እጥበት ግድግዳ። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ወደ ኩሬ። አቋራጭ ዓይኑን ከመሣሪያው ሳያነሳ ሲራመድ ሚስቱ በኮሌታው ባትይዘው ኖሮ ገብቶ ነበር።

"በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ላይ እያየች፣ "ምን ይደረግ፣ እኛም እንግዲህ ሳተላይት አለን በሰማይ፣ ወተቷንም አናይ" አለችና ሣሩ ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች።

እሱም ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም። ሌላም ነገር ነበር፤ አንዳንዱን ቁጥር መሣሪያው ጨርሶ አልቀበልም ይለዋል። ይጫናል፣ ይመልስበታል። ደግሞ ይጫናል፣ ይመልስበታል። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ ብሎ ያንን ሳጥን ይተወውና ወደ ሌላው ያልፋል። ለሚስቱ አልነገራትም።

መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ለአማቹ መለሰለት። አማቹ ወስዶ፣ ራሱ የቀየሰው መሬት ላይ ራሱ የተከለው ችካል አጠገብ ቆሞ፣ በለመደው አኳኋን ፈተሸው። ደስ ብሎት ተመለሰ።

"አባባ፣ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ችካሉ ላይ ቁጭ ነው ያለው።"

አማቹ ክፉ አላሰበም። ነገር ግን መሣሪያው ጤነኛ ነው ሲል ማን ነው ታዲያ ጤና ያጣው? አቋራጭ ጂፒኤሱን ተቀበለና አመሰገነ። ያን ዕለት ራት አልበላም።

ታላቅ ወንድሙ ልብስ ሰፊ ነበር። አእምሮው መሸሽ የጀመረው ከመንገድ ነው። አንድ ቀን ክር ሊገዛ ወጥቶ ቀረ፤ ሲፈለግ ከብዙ ዓመት በፊት የለቀቀው ሱቅ በር ላይ ቁልፍ ሊያዞር ሲታገል ተገኘ። ያገኘው አቋራጭ ነው። በአምቡላንሱ ከፊት አስቀምጦ ወደ ቤት ሲወስደው ወንድሙ እየሳቀ፣ "ምነው በዚህ በኩል? መንገድ ጠፋህ እንዴ?" ይለው ነበር። በኋላ በኋላ አቋራጭን "ዶክተር" እያለ መጥራት ጀመረ፤ በሥርዓት ተነስቶም ይጨብጠዋል። አቋራጭም እስከ መጨረሻው ድረስ ዶክተር ሆኖለት ኖረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አቋራጭ ይህ ነገር በዘር ይመጣል ብሎ የሚፈራው ወንድሙን ከቀበረ ጀምሮ ነው። አሁን መጣ። ከዚያ ደግሞ የድልድዩ ቀን ተጨመረ። የእግረኛ ድልድይ አለ፤ መሣሪያው "ሳጥኑ እዚህ ነው" ያለው ቦታ ከድልድዩ አልፎ የጣውላ መጋዘን አጥር ሥር ነበር። "እዚህ ነው፣ እዚህ መሆን አለበት" እያለ ሣሩን ሲነጭ፣ ድንጋይ ሲፈነቅል ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ሚስቱ ቆማ ታየዋለች። አልቀለደችም፣ አልተቆጣችም። በመኪናም ሲመለሱ ቃል አልወጣትም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብቻ ታያለች። አቋራጭ ይቺን ሴት አግብቶ ሲኖር ዝም ስትል ያየው ሲያማትና ስታስቀድስ ብቻ ነው። አወቀችብኝ አለ በልቡ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሱቁን የተመላለሰበት። አዲስ ጂፒኤስ ገዝቶ ሳጥኑን ካገኘ መልካም፤ ጥፋቱ የአሮጌው ነው ማለት ነው። ገዝቶ ካላገኘስ? ያኔ የሚያሳብብበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ እየመረጠ መክረሙን መረጠ። ባትሪውን ጠየቀ፣ ክብደቱን ጠየቀ፣ ጓንቱን ጠየቀ፤ እውነተኛውን ጥያቄ ግን የትኛዋ ሻጭ ትመልስለታለች?

በዚህ ቀን ግን ብቻውን አልነበረም። ጠዋት ኮቱን ሲያነሳ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አጠለቀች።

"ወዴት?" አላት።

"ወደምትሄድበት። አንድ ዕቃ እንዲህ የሚያስመርጥህ ሁለተኛ ሚስት እያገባህ እንደሆነ ልየው።"

ሻጯ እንደ ልማዷ መስታወቱን ከፈተች። አቋራጭም እንደ ልማዱ ሁለቱን አነሳ። "ይኼኛው ዝናብ..." ብሎ ሲጀምር ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ጡብ የሚያክል ጂፒኤስ ባንኮኒው ላይ ዷ አደረገችው። ከቤት ስትወጣ መያዟን አላየም ነበር።

"የኔ ልጅ" አለቻት ሻጯን፣ "እኛ ዘንድ ይኼ አለን። አማቻችን ደህና ነው ይላል። እኛ ግን በሱ ሳጥን መፈለግ ከጀመርን ወዲህ አንድም አላገኘንም። እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ምን ብናደርግ ይሻላል?"

አቋራጭ ፊቱ ጠቆረ። "ተይ እንጂ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሻጯ ዞሮ፣ ከድልድዩ ቀን ጀምሮ ከአፉ ያልወጣውን ተናገረ። "መሣሪያው ምንም አልሆነም፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ... አንዳንዱን ቁጥር እንኳን መጻፍ አቅቶኛል።"

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ይህንን አልሰማችም ነበር።

"መጻፍ አቅቶኛል ማለት?" አለች ሻጯ። "እስቲ እያየሁዎት ይጻፉልኝ፣ አባባ።"

ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። መነጽሩን አደረገ። ቁጥሮቹን ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ተጫነ። መሣሪያው ጢጥ አለና መለሰበት። እንደገና ጀመረ። ጢጥ።

"ይኸው" አለ፣ ወረቀቱን ወደ ኪሱ እየመለሰ። "ጣቴ ነው። ይቅር፣ እንሂድ።"

ሻጯ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና እሷ ሞከረች። ጢጥ አለ። ጥፍሯ ቀይ፣ ጣቷ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ከልጁ ያነሰ ነው። ደግማ ሞከረች። ጢጥ።

"ለኔም አልገባም" አለች።

አቋራጭ ቀና አለ። ይህች ሁለት ቃል ምን እንዳደረገችው መናገር ያስቸግራል። ጎንብሶ ሸክም ሲሸከም የኖረ ሰው አንድ ሰው መጥቶ ከኋላ ትንሽ ቀና ሲያደርግለት ማለት ነው።

"ለአንቺም?"

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አለች ሻጯ፣ የመሣሪያውን ቅንብር እየከፈተች። "አማችዎ ሥራቸው ምንድን ነው?"

"መሬት ቀያሽ ነው" አለች ሚስት።

ሻጯ ሳቀች። የሹፈት ሳቅ አልነበረም፤ የራሷ ነገር ትዝ ያላት ሰው ሳቅ ነው። "አባባ፣ ላስረዳዎት። አንድ ሰዓት ተኩል ለማለት 'አንድ ነጥብ አምስት ዜሮ ሰዓት' ብዬ ጻፍኩልዎት እንበል። ይኼ መሣሪያ ያንን ሲያይ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የሳጥን ፈላጊዎቹ ቁጥር በነጥብ ነው የሚጻፈው። አማችዎ ደግሞ ለሥራቸው መሣሪያውን በሴኮንድ አድርገውታል። ለሳቸው ልክ ነው። ለእርስዎ ግን ባስገቡት ቁጥር ሁሉ ሳጥኑን አሳልፎ ይወስድዎታል፤ አንዳንዴ ትንሽ፣ አንዳንዴ ግማሽ ኪሎ ሜትር።"

"አልቀበልም የሚለውስ?"

"ከነጥቡ ቀጥሎ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ያለበት ነው አይደል አልገባ ያለዎት?"

አቋራጭ ወረቀቱን አየ። የተዋቸውን ሁሉ በልቡ አሰበ። "እንዴት አወቅሽ?"

"አንድ ሰዓት ከሰባ ደቂቃ የሚባል ነገር አለ? የለም። ስለዚህ ይመልስብዎታል። እኔ ራሴ ስጀምር በዚሁ ስህተት የሰው ጓሮ ገብቼ የታጠበ ልብስ ሥር ሳጥን ስፈልግ ተይዣለሁ።" አንድ ሁለት ቦታ ተጫነችና ቅንብሩን ለወጠችው። "አሁን ይጻፉ።"

ጻፈ። ገባ። ያንን ከነጥቡ ቀጥሎ በሰባት የሚጀምረውን፣ ስንት ቀን የመለሰበትን ቁጥር፣ መሣሪያው ያለ ምንም ማንገራገር ዋጠው።

አቋራጭ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። "እፎይ" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "እፎይ፣ እፎይ" አለ። ሻጯ ሰውየው ለአንድ ጂፒኤስ ይህን ያህል መጨነቁ ገርሟት ውሃ ላምጣልዎት ብላ ጠየቀችው። ሚስቱ ፊቷን ወደ ድንኳኖቹ አዙራ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

"እንግዲህ አዲስ መግዛት አያስፈልግዎትም" አለች ሻጯ፤ ሻጭ እንዲህ ስትል መቼም ብርቅ ነው።

"አሁን ነው እንጂ የምገዛው!" አለ አቋራጭ። ሰሞኑን ሁሉ ሲያገላብጣቸው የከረማቸውን ቀና ብሎ እንኳን አላያቸውም። "ያንን በቁልፍ የሚሠራውን። በጣት የሚነካው ይቅርብኝ፣ ጣቴ ወፍራም ነው። ባትሪ ድንጋዩ የሚቀየር ይሁን፤ ጫካ ውስጥ ምን ላይ ልሰካው? ያኛው አሮጌው የሷ ይሁን፣ የራሷን ትያዝ።"

"ለእኔ አሮጌ፣ ለሱ አዲስ" አለች ሚስት፣ ድምፅዋ ገና ሳይጠራ። "ዐይኔ እያየ።"

ሻጯ አዲሱንም በነጥቡ አስተካክላ ሰጠቻቸው። ቤት አልገቡም፤ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ነዳ። የዚያን ሳጥን ቁጥር በሁለቱም ላይ እንደገና ጽፎ፣ አዲሱን እሱ፣ አሮጌውን እሷ ይዘው ጎን ለጎን ሄዱ። ሁለቱም መሣሪያ ወደ ጣውላ መጋዘኑ መሄድ ትተው በድልድዩ በወዲህ በኩል፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ወዳሉበት ዳገት መሩዋቸው። ያን ዕለት መኪናውን አቁመው ያለፉት እዚህ ጋ ነበር። ከአንዱ ግንድ ሥር ቅርፊት የተከደነበት ጎድጓዳ ነበር። ሚስቱ ጎንበስ ልትል ስትል "ቆይ፣ እኔ" አላት።

እጁን ሰደደ። የፕላስቲክ ሳጥን ነካ።

አወጣውና ጭኑ ላይ አድርጎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ክዳኑን ሳይከፍት አለቀሰ። ልደበቅ አላለም፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። "እንደ ወንድሜ የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አላት። "ሊነጋ ሲል ሁሉ እነቃና ስምሽን ለራሴ እጠራለሁ። እንዳልረሳው።"

አጠገቡ ተቀመጠች። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

"እኔም ያው መስሎኝ ነበር" አለች።

"አውቄያለሁ። ዝም ስትይ አውቄያለሁ።"

"ዝም ያልኩት አዝኜ ብቻ አይደለም። መንገድ ሳጠና ነበር።"

"የምን መንገድ?"

"የቤታችንን። ከየሄድንበት ወደ ቤት የሚመልሰውን። ማደያው ጋ በግራ፣ የቀለም ሱቁን አልፎ አደባባዩ፣ ከዚያ ትልቁ ቧንቧ ያለበት..." በጣቷ ቆጠረች። "ዕድሜዬን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ መንገድ አይቼ አላውቅም። አንተ አለህ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። አሁን ግን ከሁለት አንዳችን ማወቅ ነበረብን። ከሆነ ቦታ በእጅህ ይዤ እንድመልስህ።"

አቋራጭ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያደርስ ኖሯል፤ እሱን የሚያደርስ ሰው ያስፈልግ ይሆናል ብሎ ራሱን ሲያስፈራራ፣ አድራሹ አጠገቡ ተቀምጦ ትምህርቱን ጀምሮ ነበር። እጇን ያዘ። ሳጥኑን ከፍተው ሁለቱም ፈረሙ፤ እሷ በችኮላ ከሰው ስም ላይ ፈረመች። መልሰው ደበቁትና ወደ መኪናው ወረዱ።

ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ሊያስቃት ፈልጎ፣ "እሺ፣ በየት በኩል ልሂድ?" አላት።

"እኔ ምን አውቄ" አለች፣ ቀበቶዋን እያሰረች። "ሾፌሩ አንተ።"

ከዚያ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገች። ማደያው ጋ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ተከፍቶ ታንኮራፋለች፤ ስንት ቀን ሳትተኛ እንደከረመች ያኔ ነው የገባው። እንዳትነቃበት ከጉድጓድ ጉድጓድ እየሸሸ ቀስ ብሎ ነዳ።